ያልተፈታው ቋጠሮ

በመንደራችን በገበዝ ማርያም ግመል የሚያረባ የለም። በአያቴ ቤት ምሰሶ ላይ ግን፣ ከበርበሬው ጆንያ በላይ፣ የግመል ቃጭል ተሰቅሎ ኖሯል። ከየት እንዳመጡት ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነበር፤ «ኦሜድላ ወርጄ፣ ዲንደርን ተሻግሬ፣ ንጉሡን ተቀብዬ!»

ዛሬ ኦሜድላ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የፖሊስ ስፖርት ክለብ ነው። ቦታው ግን የሱዳን ጠረፍ ነው፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ግድም ስደት በኋላ፣ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ድንበር ተሻግረው ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉበት።

መንደሩ አያቴን አላመናቸውም። እሳቸው ካረፉ በኋላ እውነቱን ላጣራ ብዬ፣ ቃጭሉን በቦርሳዬ ይዤ ከቡሬ ወደ ጠረፉ ተነሳሁ። እንጅባራን አልፈን ቻግኒ ስንደርስ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

«ወንድሜ፣ ከዚህ ወዲያ መንገዱ ሰላም አይደለም።»

የጥንቷን ወጀት ፍኖተ ሰላም ያሏት ከስደት የተመለሱት ንጉሥ ናቸው ሲባል ሰምቼ ላደግሁት ለእኔ፣ ቃሉ ከበደኝ። አልተከራከርኩትም።

ሻይ ቤት ገብቼ ቃጭሉን አወጣሁ። ጠፍሩን ልብ ብዬ ያየሁት ያኔ ነው። ቋጠሮው እንደተቋጠረ አለ፤ ጠፍሩ ግን በሌላው ወገን በስለት ተቆርጧል። በቁሙ ካለ ግመል ቃጭል የሚወስድ ሰው ፈትቶ ይወስዳል። ሞቶ ያበጠ አንገት ላይ የተወጠረ ቋጠሮ ግን አይፈታም።

በዚያው በንጉሡ መመለሻ ዘመቻ፣ ዊንጌት የሚባለው የእንግሊዝ መኮንን የመራው የጌዴዎን ጦር ስንቁንና ጥይቱን ያስጫነው ከሱዳን በመጡ 15 ሺህ ያህል ግመሎች ነበር። ቆላ የለመደው ግመል የጎጃምን አቀበትና ብርድ አልቻለውም። አዲስ አበባ የደረሱት 53 ብቻ ናቸው ይባላል፤ የተቀሩት በየመንገዱ ወደቁ።

አክስቴ ጋ ደወልኩ። «እትዬ፣ አባባ ከቤት የወጡት መቼ ነበር?»

«ታቦት ባስገቡ ማግስት ነዋ! በቅሎዋን አስከትለው። እናቴ ስትናገር የሰማሁት ነው።»

የጥምቀት ማግስት ጥር 12 ነው። ንጉሡ የዲንደርን ወንዝ ሲሻገሩ አያቴ ገና ከደጃቸው መውጣታቸው ነበር። ኦሜድላ አልደረሱም። እኔ እንደምገምተው ከጠረፉ በሚመጣው የበላያ መንገድ የሆነ ቦታ ላይ፣ ከወደቀ ግመል ጭነት አውርደው በበቅሏቸው ጭነዋል።

ለምን እውነቱን እንዳልተናገሩ መገመት ብዙም አላስቸገረኝም። ንጉሥ ተቀበልኩ ማለት በሠርግ ቤት ያስከብራል፤ ከሸተተ ግመል ጭነት አወረድኩ ማለት ግን ድግስ ላይ አይወራም። ሆኖም የካቲት 25 ጣሊያን ቡሬን ለቆ ሲወጣ፣ አርበኛው የተኮሰው ጥይት በእንዲህ ያለ ጀርባ የመጣ ነው።

ስመለስ አክስቴ በር ላይ ጠበቁኝ። «ኦሜድላ ደረስክ ወይ?»

«አልደረስኩም፤ አባባም አልደረሱም» አልኳቸው። ከዚያ ቃጭሉን ምሰሶው ላይ መለስኩት፤ የተቆረጠው ጫፍ እንዲታይ አድርጌ።