ሐኪሙ ከየትም ይምጣ፣ ቁንጭርን ይለይ

በመምህርነት በኖርኩባቸው ሠላሳ አንድ ዓመታት ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ስጽፍ «ያውቃሉ» የሚለውን ቃል አልወደውም ነበር። ተማሪዎቼ ስለ አፈር መሸርሸር ማወቃቸውን በምን ላረጋግጥ? «ይለያሉ»፣ «ይዘረዝራሉ»፣ «ሠርተው ያሳያሉ» ከተባለ ግን ይታያል። ጡረታ ወጥቼ ላሊበላ ከተቀመጥኩ በኋላ ይህ የቃል ጉዳይ በልጅ ልጄ ጉንጭ በኩል ቤቴ ድረስ መጣ።

ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። ጉንጩ ላይ የወጣችው እብጠት መጀመሪያ የትንኝ ንክሻ ትመስል ነበር፤ አታመውም፣ አታሳክከውም። እየሰፋች ቅርፊት ስታበጅ እናቱ ወደ ሕክምና ወሰደችው። ሐኪሙ በቅርቡ የተመረቀ ትሑት ልጅ ነው። ቅባት አዘዘ፤ ቀጥሎ ሌላ ቅባት፤ በሦስተኛው የሚዋጥ መድኃኒት። አምስት ወር አለፈ። ጎረቤቶቻችን ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በስሙ ይጠሩት ነበር፦ ቁንጭር።

ቁንጭርን የምታስተላልፈው ከትንኝ የምታንስ የአሸዋ ዝንብ ናት። ተህዋሲው ደግሞ በገደልና በቋጥኝ ሥር በሚኖረው ሽኮኮ ገላ ውስጥ ይቆያል። ሽኮኮና ገደል በላስታ ሞልቷል። በሽታው ብዙውን ጊዜ በራሱ ይሽራል፤ ነገር ግን ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ፣ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጠባሳ ትቶ ነው። ፊት ላይ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ ለወላጅ አይነገርም።

ለዕረፍት የመጣችው ልጄ የሕክምና አምስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። ልጁን ወደ ብርሃን አዙራ አየችው። «እማዬ፣ ቁንጭር ሳይሆን አይቀርም። ከቁስሉ ጠርዝ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት» አለችኝ። መንገዱ ሰላም የሆነ ቀን ጠብቀን፣ በጋሸናና በወልድያ አድርገን ከደሴ ወጣ ብሎ ወዳለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ መርፌ ጀመሩለት። ያማል፤ እጁን ይዤ አብሬው አለቀስኩ። አሁን እየደረቀ ነው፤ ጠባሳው ግን ይቀራል ተብለናል።

«ያ ልጅ ለምን አልለየውም?» ብዬ ጠየቅኳት። መልሷ አልጠበቅኩትም። እሷን ያስተማሯት ሐኪም ሕሙማኑን አስፈቅደው «ዳስሱ፣ በራሳችሁ ቃል ግለጹ» ይሏቸው ነበር። በሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ጓደኛዋ ግን የቆዳ በሽታን ያየው በአብዛኛው በስላይድ ነው፤ ያውም በነጭ ቆዳ ላይ የተነሱ ፎቶዎችን። መጽሐፉ «ቀይ ሽፍታ» የሚለው በእኛ ቆዳ ላይ ጠቆር ያለ ወይም ሐምራዊ ሆኖ ይታያል። ይህ ጣጣ እንግሊዝ አገርም አለ። ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ የለንደን የሕክምና ተማሪ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሁለት መምህራን ጋር ሆኖ የበሽታ ምልክቶች በጥቁር ቆዳ ላይ እንዴት እንደሚታዩ የሚያሳይ መመሪያ ያዘጋጀው ለዚሁ ነው።

እኛ የላስታ ሰዎች ሐኪም አንመርጥም፤ የተመደበልን ነው የሚያየን። ከየትኛውም ዩኒቨርሲቲ ይመረቅ፣ የቆዳ ስፔሻሊስቱ ሩቅ ነው። ስለዚህ መምህራኑ ተሰብስበው «ማንኛውም ተመራቂ ቢያንስ እነዚህን መለየትና ማከም አለበት» ብለው በአንድ ዝርዝር ቢስማሙ ምን ይጎድላቸዋል? የእንግሊዝ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር ለሕክምና ተማሪዎች እንዲህ ያለ ዝርዝር አውጥቷል። እንዳለ ይገልበጥ ማለቴ አይደለም። እነሱን የሚያስጨንቃቸው የቆዳ ካንሰር ነው፤ እኛን የሚያስጨንቀን ሌላ ነው።

ልጄና እኔ ቡና እየጠጣን የራሳችንን ሞከርን። እከክ አንደኛ ወጣ። በ2008 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ በክልላችን እንዴት እንደተዛመተ የምናስታውስ ነን። ለሕፃኑ ብቻ መድኃኒት ሰጥቶ መሸኘት ዋጋ የለውም፤ ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ስለዚህ «ተማሪው እከክን ያውቃል» ሳይሆን «ቤተሰቡን በሙሉ ያክማል» ብለን ጻፍን። ቁንጭር ሁለተኛ፣ በባዶ እግር ቀይ አፈር የሚረግጠውን የሚይዘው ዝሆኔ ሦስተኛ። ቆረቆርንና ችፌን ቶሎ አለፍናቸው።

የስጋ ደዌ ላይ ቆየን። አዲስ አበባ ያለው አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመ ነው፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል። ነገር ግን መጀመሪያ አንድ ሰው ነጣ ያለውን የቆዳ ክፍል በጥጥ ነካክቶ «ይሰማሃል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሳይጠየቅ ከቀረ ነርቭ ተጎድቶ ጣት ይታጠፋል። «በጥጥ ይፈትሻል» ብላ ጻፈች። በዚህች ቃል ኮራሁባት።

የተከራከርነው በለምጽ ነው። «አይገድልም፣ ጊዜም የለም፤ ይቅር» አለች። በቅዱስ መጽሐፍ ለምጽ ሲባል የሰማ ሰው ከስጋ ደዌ ጋር እያምታታ፣ ቆዳዋ የነጣባትን ልጅ ከማዕድ እንደሚያርቃት ነገርኳት። ይተላለፋል ብሎ ነው እንጂ ክፉ ሆኖ አይደለም። ስለዚህ «ለምጽ እንደማይተላለፍ ለእናት ያስረዳል» ተብሎ ይጻፍ አልኳት።

«እሱ በምን ይፈተናል?»

«እኔን እናቲቱ አድርጊኝና አስረጂኝ» አልኳት። ሁለት ጊዜ ሞከረች። የመጀመሪያው ምኑም አልገባኝም።