በሐረር ገበያ ጠገራ ብርን ስለ መለየት

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ በብር ጌጥ ነጋዴዎች ዘንድ ያለፈ መንገደኛ ጠገራ ብር መግዛት ያምረዋል። ነገር ግን 1780 የሚለው የአውሮፓ ዓመት ብቻውን እምነት አይሆንም፤ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በዚያው ዓመት ካረፈች በኋላ በቪየናም፥ በሮማም፥ በለንደንም ይኸው ዓመት እየተጻፈበት ተመትቷልና።

እውነተኛው 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። በጠርዙም ዙሪያ «ፍትሕና ምሕረት» ማለት የሆነ የላቲን ጽሕፈት ጎላ ብሎ ይታያል። አታላይ ስለ ንግሥቲቱ መልክ ብዙ ይደክማል፤ ጠርዙን ግን ቸል ይላል። ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰው ጽሕፈቱ የደበዘዘ ነው፤ የመጋጠሚያም መስመር ይገኝበታል።

እንግዲህ የአያቱን ውርስ የሚሸጥ፥ ለልጁም ሠርግ ጌጥ የሚያሠራ ሰው፥ ዋጋ ሳይቈርጥ አስቀድሞ ጠርዙን ይመርምር፤ ከታወቀ ደኅና ብር ጋራም በሚዛን ያስተያይ።