ባሕርን ከላይ

ግንቦት 1983 ዓ.ም. በዘመቻ ሰለሞን ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ወደ እስራኤል ሲሻገር፣ ከአምቦበር የመጣነው እኛም ከመካከሉ ነበርን። ሐይፋ ስንደርስ ያስደነገጠን ባሕሩ ነው። እናቴ ባት ጋሊም ዳርቻ ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ትቆማለች እንጂ ወደ ውኃው አትጠጋም። እኔም ቀሚሷን አልለቅም ነበር።

ከባሕሩ ያስታረቀን የቀርሜሎስ ኮረብታ ነው። ከኤልያስ ዋሻ አጠገብ ተነሥቶ ወደ ስቴላ ማሪስ ገዳም የሚወጣ ጠባብ መንገድ አለ፤ ጠጠር የበዛበት፣ አንዳንዱ ቦታ ደረጃ የተሠራለት። ለጎንደር ሰው እግር ማሟሟቂያ ነው። እኛ ደግሞ ለስግድ በዓል ተራራ መውጣት የለመድን ነን፤ ከፍታ እንግዳችን አይደለም። እናቴ ግማሽ መንገድ ላይ ዞር አለችና ረጋ ብላ አየችው። «ከላይ ሲያዩት እኮ ጣናን ይመስላል» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሕሩን አልፈራችውም።

ጫፉ ላይ ሲደርሱ ወደቡ፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ዓኮ፣ ሰማዩ ጠርቶ ከሆነም የሮሽ ሃኒክራ ነጭ ገደል ይታያል። ከገዳሙ ፊት ያለችው ትንሽ ሐውልት የናፖሊዮን ቁስለኞች መታሰቢያ ናት፤ በ1799 እ.ኤ.አ. ዓኮን ከቦ መያዝ አቅቶት ሲመለስ እዚህ ቀርተው የተገደሉት ናቸው። እኔ ያን ጊዜ የማውቀው ሐውልቷ ጥላ ሥር ዳቧችንን መብላት ብቻ ነበር።

አባቴን የያዘው ግን ሌላ ነገር ነው። ቀርሜሎስ ላይ ነቢዩ ኤልያስ አገልጋዩን ሰባት ጊዜ ወደ ባሕሩ እንዲያይ እንደላከው፣ በመጨረሻም የሰው እጅ የምታህል ደመና እንደታየች ከቄሶቹ ሰምቶ ያደገ ነው። ገበሬ ስለሆነ ታሪኩን ከሁላችንም በላይ ገባው። በኛ አገር ኅዳር መኸር የሚሰበሰብበት፣ ሰማይ የሚጠራበት ወር ነው፤ እዚህ ግን ዝናቡ የሚጀምረው በዚያ ሰሞን፣ ከባሕሩ ተነሥቶ ነው። መጀመሪያ «ዘመኑ ተገለበጠ» እያለ ሲገረም ከረመ። ኋላ በየሳምንቱ ይዞኝ እየወጣ የደመናውን ቀለም፣ የነፋሱን አመጣጥ፣ የማዕበሉን ነጭ ግንባር ያስተምረኝ ጀመር። እንደዚያ ሲናገር ደስ ብሎት ያየሁት ከመጣን ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁለተኛው ክረምት ሲገባ የሕንፃችን ሴቶች ልብስ ከማስጣታቸው በፊት በመስኮት ብቅ እያሉ «ጋሼ፣ ዛሬስ?» ይሉት ነበር።