የካርቶኗ መርከብ

ክረምት ሲገባ ቤታችን ይሞላል። ትምህርት ቤት እንደተዘጋ የወንድምና የእህት ልጆች ከአዳማም ከሞጆም ተጠራርተው ቢሾፍቱ ይመጣሉ። እኛን ባልና ሚስቱን አላህ የራሳችን ልጅ ባይሰጠንም፣ የክረምቱን ወራት የስድስትና የሰባት ልጆች ወላጅ ሆነን እናሳልፋለን። ልጅ አማና ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ደግሞ አማናው ይከብዳል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የመጡት ልጆች ወሬያቸው ሁሉ አንድ ነበር። «ቫይኪንግስ፦ ቫልሃላ» የተባለው ተከታታይ ፊልም ሦስተኛው ምዕራፍ ወጥቷል፤ ልጆቹ «ሲዝን ሦስት» ነው የሚሉት። ለማያውቁት አንባብያን ባጭሩ እንናገር፦ ቫይኪንጎች ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ከዛሬዎቹ ኖርዌይ፣ ስዊድንና ዴንማርክ በመርከብ እየተነሡ ይዘርፉም ይነግዱም የነበሩ ሰዎች ናቸው። ስለ እነርሱ የተሠራው የመጀመሪያው ድራማ ከ2013 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. ስድስት ምዕራፍ ሄዷል። «ቫልሃላ» የእርሱ ተከታይ ሲሆን በዚሁ በሦስተኛው ምዕራፍ ተጠናቋል። ትልቁ ልጅ አሮጌውንም አዲሱንም በፍላሽ አስጭኖ መጣ።

እኛ አልወደድነውም። መጥረቢያውና ደሙ እንኳ ይለፍ ቢባል፣ ከልጆች ጋር ተቀምጠው የማያዩት ነገር አለበት። ብንከለክላቸው ጎረቤት ሄደው እንደሚያዩት ስለምናውቅ፣ በቀን አንድ ክፍል ብቻ፣ እርሱም ሪሞቱ በእኛ እጅ ሆኖ፣ ብለን ፈቀድን። እውነቱን ለመናገር፣ በአራተኛው ቀን መብራት ሲጠፋ ከልጆቹ ይልቅ የተናደድነው እኛ ነበርን።

በሳምንቱ ማክሰኞ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ የአሥር ዓመቱ ልጅ ጠፋ። ጓሮውን፣ ጎረቤቱን፣ መስጊዱን አዳረስን። ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው አንድ ዓሣ አጥማጅ እጁን ይዞ አመጣልን። ልጁ እስከ ብብቱ ርሷል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ሰውየው በሌላው እጁ ግማሹ የተቃጠለ የሳሙና ካርቶን ይዟል። ሆራ ሐይቅ ውስጥ ነው ያገኘው። የቢሾፍቱ ሰው ያውቀዋል፤ ሐይቆቻችን የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው፤ እንደ ሜዳ ወንዝ ቀስ እያሉ አይጠልቁም፤ ጥቂት እርምጃ እንደገቡ መሬቱ ይከዳል። «ና ውጣ ስለው መርከቤን ይለኛል» አለ ሰውየው።

ከመካከላችን አንዷ አለቀሰች፤ አንዱ ቀበቶውን ፈታ። ቀበቶው ግን እንደተነሣ ቀረ። ልጁ ሳይጠየቅ «አባባን ነው የሸኘሁት» አለ።

አባባ የምንላቸው አባታችን በዚያው ዓመት በመጋቢት ወደ አኼራ ሄደዋል። ያን ጊዜ ልጆቹ ትምህርት አላቸው ተብሎ አዳማ ቀሩ፤ ጀናዛውን አላዩም። ልጁ ካርቶኑን በመርከብ ቅርጽ ቆርጦ፣ የአባባን አሮጌ ኮፍያ ከውስጥ አስተኝቶ፣ በክብሪት ለኩሶ ወደ ውሃው ገፋው። ነፋሱ ሲመልስበት ገብቶ እንደገና ገፋው። በፊልም ጀግና የሚሸኘው እንደዚያ ነው። «መሬት ውስጥማ ትል ይበላቸዋል» አለን።

ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ከዒሻእ በኋላ ልጆቹን ሰብስበን ከዓመታት በፊት ያነበብነውን የአሕመድ ኢብን ፈድላንን ታሪክ ነገርናቸው። የቮልጋ ቡልጋሮች ንጉሥ እስልምናን የሚያስተምሩትን ሰዎች እንዲልክለት የባግዳዱን ኸሊፋ አል-ሙቅተዲርን ጠይቆ ነበር፤ ኢብን ፈድላን በ309 ዓመተ ሂጅራ (921 እ.ኤ.አ.) ከተላኩት አንዱ ነው። በዚያ ወንዝ ዳር ሩስ የተባሉ ነጋዴዎችን አገኘ፤ ብዙዎቹ የታሪክ ሊቃውንት ከቫይኪንጎች ወገን ይቆጥሯቸዋል። ቁመናቸውን አደነቀ፤ ከተምር ዛፍ ጋር አመሳሰላቸው። ሁሉም በአንድ ሳፋ ውሃ እየተቀባበሉ መታጠባቸው ግን ዘገነነው። የአንድ አለቃቸውንም ቀብር አየ። ከአለቃው ጋር ስለተገደለችው ባሪያ ልጃገረድ የጻፈውን ለትንንሾቹ አልነገርናቸውም፤ ለትልልቆቹ ሌላ ቀን ነገርናቸው። መርከቧን ግን አልዘለልናትም። ኢብን ፈድላን ያያት መርከብ ከውሃ ተጎትታ ወጥታ፣ በእንጨት ተደግፋ፣ የብስ ላይ ነው የተቃጠለችው። ትልቁ ልጅ ወደ ትንሹ ዞሮ «እንደ ደንቡ ቢሆን እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበር የምታቃጥለው» ሲለው ሁላችንም ሳቅን። (ክብሪቱን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከፍ አድርገን ነው የምናስቀምጠው።)

ከዚያ ወደ ትሉ ነገር መጣን። በቀብሩ ላይ ከሩሶቹ አንዱ ለአስተርጓሚው አንድ ነገር ሲናገር ኢብን ፈድላን ምን እንዳለ ጠየቀ። ሰውየው ያለው፣ እናንተ ዓረቦች ሞኞች ናችሁ፤ የምትወዱትንና የምታከብሩትን ሰው አፈር ውስጥ ጥላችሁ ለትል ትሰጣላችሁ፤ እኛ ግን አቃጥለን ወዲያው ጀነት እናስገባዋለን፣ ነው። ልጁ አፉን ከፈተ። የራሱን ቃል ከ1100 ዓመት በፊት ከኖረ ሰው አፍ ሰማው።

«እና ኢብን ፈድላን ምን መለሰለት?»

መልስ አልጻፈም። በራሱና በወገኖቹ ላይ የተነገረውን እንደሰማው ጽፎ አልፏል። እኛ በዚህ እንገረማለን፤ ሌላው ስለ እኛ የሚለውን ሳይቀንስ የሚጽፍ ሰው በየትኛውም ዘመን ብዙ አይደለም። ልጁ ግን መገረም ሳይሆን መልስ ነበር የፈለገው። ስለ ቀብርና ስለ አኼራ የምናውቀውን ነገርነው። ራሱን ነቀነቀ እንጂ ፊቱ አልተፈታም። የበደልነው ሳንነግረው በመቅረታችን አልነበረም፤ ትተነው በመሄዳችን ነው።

ጁምዓ ከሰላት በኋላ ወደ መቃብሩ ወሰድነው። ከመካከላችን ሴቷ ከአጥሩ ውጭ ቆየች። ዝናቡ ማባራቱ ነበር፤ የአባባ ቀብር ላይ ሣር በቅሏል። ሰላምታ ሰጥተን ዱዓ አደረግን። ልጁ ራስጌያቸው በየት በኩል እንደሆነ፣ ፊታቸው ወዴት እንደዞረ፣ ማን ማን ወርዶ እንዳስተኛቸው ጠየቀ። አንድ በአንድ መለስንለት። ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በመዳፉ ነካ ነካ አደረገና፣

«ኮፍያቸውን ማቃጠሌን ያውቁ ይሆን?» አለ።

እንጃ፣ አላህ ያውቃል አልነው።