ባሌስትራው የተሰበረበት ዳገት

ከጉርድ ሾላ ባቡር ጣቢያ ቆሞ ወደ ሰሜን ለተመለከተ ሰው፣ ከሕንፃዎቹ ጀርባ የየካ ተራራ ይታያል። ከመስከረም 2008 ዓ.ም. ወዲህ ከታች ባቡር ሽው ይላል፤ ተራራው ላይ ግን ዛሬም ጭነት የሚያመላልሰው አህያ ነው። ከእንጦጦ ጋር የተያያዘው ይህ ተራራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ በመጣው ባሕር ዛፍ ተሸፍኗል። እዚያ ላይ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው ዋሻ ሚካኤል አለ። ትውፊቱ ሥራውን ለአብርሃና አጽብሐ ይሰጣል፤ የታሪክ አጥኚዎች ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ጣሪያው በከፊል ወድቋል፤ እኔን የሚገርመኝ እስካሁን የቆመው ነው። የልጅ ልጆቻችን ላሊበላን በቴሌቪዥን ያውቁታል፣ ከጓሯቸው ያለውን ግን አላዩትም።

ሁለቱን የልጅ ልጆቼን ይዘን የወጣነው ለዚህ ነበር። ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እህቱ አሥራ አንድ። መኪናው የአባታቸው ነው፤ አሮጌ ፒካፕ ገዝቶ ትልልቅ ጎማ አስገጥሞለታል፣ ከኋላም ባሌስትራው ላይ ወፍራም ቅጠል አስጨምሮ ከፍ አስደርጎታል። (ባሌስትራ፣ ክሪክ፣ ሞላ፣ ፍሬን፦ የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ጣሊያንኛ ነው።) ከፍታው ድንጋይ ለመሻገር ይጠቅማል። ነገር ግን ባሌስትራ የሚሠራው ቅጠሎቹ አብረው ሲተጣጠፉ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ግትር ከሆነ ሸክሙ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል።

የኮተቤን መንገድ ተሻግረን አቀበቱን ጀመርን። ክረምቱ ገና መውጣቱ ስለነበር ጎርፍ መንገዱን መሃል ለመሃል ቦርቡሮታል። የቀኝ ጎማ አለት ላይ ሲወጣ የግራው ቦዩ ውስጥ ገባ፤ ያኔ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማን። መኪናው በግራ በኩል ቁጢጥ አለ፤ የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። ልጄ ወደ ኋላ ሊለቀው ሲል «መጀመሪያ ልጆቹ ይውረዱ» አልኩት። በግራ ያለው ገደል ነው፤ መኪናው ደግሞ ከፍ በመደረጉ ለመገልበጥ ይቀርባል። በላይኛው በር በኩል አንድ በአንድ አወረድናቸውና ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ ደገፍን።

ከላይ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች እየወረዱ ነበር። አንዷ ሸክሟን አስደግፋ «አባቴ፣ ልጆቹን ከመኪናው ሥር ያርቋቸው» አለችኝና ትንሹን እጁን ይዛ ወደ ዛፎቹ ወሰደችው። አብሯቸው የነበረ ሽማግሌ ጎንበስ ብሎ አየና ምንም ሳይናገር መጥረቢያውን አነሳ። ክንድ የማይሞላ የባሕር ዛፍ ግንድ ቆረጠ። ልጄ በክሪክ ሻሲውን አነሳ፤ ግንዱን በሻሲውና በአክሱሉ መካከል ሰክተው በገመድ ጠፈሩት። መኪናው ያለ ባሌስትራ፣ በእንጨት ላይ ቆመ! እኔ በዕድሜዬ የጭነት መኪና ሾፌሮች እንዲህ ሲያደርጉ አይቻለሁ፤ የዛሬ ልጆች ግን ገመድ እንኳ ይዘው አይወጡም። ልጄ የያዘው ለመጎተት ብሎ ነው።

ሽማግሌው ገንዘብ አልቀበልም አለ። ሴቶቹ ውሃችንን ጠጥተው ሄዱ።

ልጄ ባዶውን መኪና በእግር ፍጥነት ቁልቁል ሲወስደው፣ እኔና ልጆቹ የቀረውን መንገድ በእግር ወጣን። ከአለቱ የተፈለፈሉትን ዓምዶች ሲያዩ ትንሹ «ሲሚንቶው የት አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሲሚንቶ እንደሌለው ስነግረው አላመነኝም፤ እህቱ ግን መጋጠሚያ ፍለጋ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች ዞረች።

ሰኞ ዕለት መካኒኩ የተሰበረውን ቅጠል አውጥቶ አሳየን። የስብራቱ ግማሽ ዝጓል፣ ግማሹ ያበራል። የዛገው ቀድሞ የተሰነጠቀው ሲሆን የሚያበራው ቅዳሜ የለቀቀው ነው። ስንጥቁ ልጆቹ ከኋላ ተቀምጠው ትምህርት ቤት ሲመላለሱም እዚያው ነበር ማለት ነው። እናታቸው ይህን ስትሰማ ዝም አለች፣ ከዚያ «የተጨመረው ይውጣ» አለች። ወጣ። አሁን ፒካፑ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሏል፤ ትንሹም ያለ እርዳታ ይሳፈራል።