ሚዛኑ አልንቀሳቀስ ያለ ጊዜ

ዛሬ የምጽፈው ስለ ምርጫም ስለ ፓርቲም አይደለም፤ ስለ ሆዴ ነው። ይህን ርእስ ለማንሣት ብዙ ጊዜ አመንትቻለሁ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ የተነሣ ስሙ በዓለም ዘንድ ከጠኔ ጋር ተቆራኝቶ በቀረ አገር፣ የጤፍ ዋጋ ደመወዝተኛውን ባንገዳገደበት ዘመን፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተነሥቶ «ክብደት መቀነስ አቃተኝ» ብሎ ሲያማርር መስማት ለብዙዎች ቅብጠት ነው። ለእኔም ቅብጠት ይመስለኝ ነበር። ሐኪሟ የደም ምርመራ ውጤቴን ወደ እኔ አዙራ እስካሳየችኝ ቀን ድረስ ማለቴ ነው።

ጊዜው መስከረም 2016 ዓ.ም. ነበር። ክብደቴ 98 ኪሎ፣ በባዶ ሆድ የተለካው የደሜ ስኳር ደግሞ 118 ሆኖ ተገኘ። ከ100 በታች ጤና ነው፤ 126 ከደረሰ የስኳር ሕመም ይባላል። እኔ በሁለቱ መካከል ባለው የድንበር መሬት ላይ ቆሜ ነበር። «ገና አልታመሙም፤ ግን መንገዱን ጀምረውታል» አለችኝ። መንገዱን ዐውቀዋለሁ። አባቴ ሄዶበታል። መጀመሪያ የጣቱ ቁስል አልድን አለ፤ ቀጥሎ ጣቱ ተቆረጠ፤ ቀጥሎም እግሩ ከጉልበቱ በታች ሄደ። በሦስተኛው ዓመት ቀበርነው። ሲያርፍ ዕድሜው አሁን እኔ ካለሁበት በዐሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ይበልጥ ነበር።

እኛ የአዳማ ልጆች (ናዝሬት ማለት የለመደም ናዝሬት ይበል፤ በስም አንጣላም) ከስኳር ጋር ያለን ዝምድና ከሌላው ሰው የጠበቀ ነው። ከከተማችን ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ ወንጂ አለ። የሆላንዱ ኤች.ቪ.ኤ. ኩባንያ አቋቁሞት በ1946 ዓ.ም. ማምረት የጀመረው የአገሪቱ የመጀመሪያው ዘመናዊ ስኳር ፋብሪካ እዚያ ነበር። የልጅነታችን ደስታ ከረሜላም ከዚያው ሰፈር የወጣ ነው። በቤታችን እንግዳ ሲመጣ በሻዩ ውስጥ ስኳር ማሳነስ እንደ ንፉግነት ይቆጠር ነበር፤ ማንኪያው በብርጭቆው ውስጥ እስኪከብድ ድረስ ይጨመራል። ስኳር በጠፋበት ጊዜ በቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ያደግን ሰዎች ስኳር ሲገኝ እንዴት እንደምንሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በሽታውንም «ስኳር አለበት» ብለን በቀጥታ በስሙ ነው የምንጠራው። እርግጥ ነው፣ ስኳር መብላት ብቻውን በሽታውን አያመጣም፤ ዘርም፣ ውፍረትም፣ ተቀምጦ መዋልም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን ሦስቱንም አሟልቼ ነበር።

ስለዚህ ጀመርሁ። ንጋት ላይ በዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ተነሥቼ ፀሐይ ሳትከር በአሰላው መንገድ በኩል አንድ ሰዓት እራመዳለሁ። እራት ላይ እንጀራውን በግማሽ ቀነስሁ። ቢራ ተውሁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ፍሬ ያማረ ነበር፤ በየካቲት አጋማሽ ሚዛኑ 87 አለ። ዐሥራ አንድ ኪሎ! ምስጋና ግን አልዘነበልኝም። በእኛ አገር ውፍረት «ተመችቶሃል» ያሰኛል፤ ክሳት ደግሞ ሹክሹክታ ይጠራል። በኤች.አይ.ቪ. ዘመን ያደገው የእኔ ትውልድ የከሳ ሰው ባየ ቁጥር ዐይኑን ዝቅ ማድረግ የለመደ ነው። አንዲት አክስቴ በአንድ ልቅሶ ቤት ጥግ ይዛኝ፣ «ልጄ፣ የሚያስጨንቅህ ነገር ካለ ለእኔ ንገረኝ» ስትለኝ ምን እንደምታስብ ገባኝና ሣቅሁ። እርሷ አልሣቀችም።

ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ቆመ። ፈረንጆቹ ፕላቶ የሚሉት፣ ዳገት ወጥቶ ሲያበቃ የሚገኝ ሜዳ ማለት ነው። የእኔ ሜዳ ዐሥራ አንድ ሳምንት ረዘመ።

ፍራንኮ አካባቢ የመታጠቢያ ቤት ሚዛን አስፋልት ዳር ዘርግቶ በአምስት ብር የሚመዝን አንድ ልጅ ነበር። ዘወትር ቅዳሜ ጠዋት እርሱ ጋ እቆማለሁ። «ጋሼ፣ ሰማንያ ሰባት» ይላል። በሳምንቱ «ጋሼ፣ ያው ነው»። በሦስተኛው ሳምንት ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ፊቴን አይቶ፣ «ዛሬ እንኳ ሳይቀንስ አይቀርም» ብሎ አጽናናኝ። ያው ነበር። አንድ ቀን ስንት እንደሚመዝን ጠየቅሁት። «ሠላሳ ስምንት» አለኝ። ዕድሜው ዐሥራ አራት ነው። «እኔም እንደርስዎ ቆሜአለሁ፤ አልጨምር አለኝ» ብሎ ፈገግ አለ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ሁለት ሳምንት በሌላ መንገድ ሄድሁ። ኋላ ግን ከእኔ ኀፍረት የእርሱ አምስት ብር እንደሚበልጥ ገባኝና ተመለስሁ።

ታዲያ ሚዛኑ ሲቆም ምን አደረግሁ? በዚህ ገጽ ለዓመታት ስተቸው የኖርሁትን ነገር አደረግሁ፤ ዕቅዱ አልሳካ ሲል ዘመቻ ዐወጅሁ። ቁርስ ተሰረዘ። ጉዞው በቀን ሁለት ጊዜ ሆነ። ውጤቱስ? በአዳማ ሙቀት፣ በሚያዝያ ወር፣ ማለዳ ሹራብ ደርቤ መውጣት ጀመርሁ። ሌሊት ጨጨብሳ በሕልሜ ይመጣል። የተማሪዎቼን የመመረቂያ ጽሑፎች በቀይ ቀለም አጨቀየኋቸው። ባለቤቴም በመጨረሻ፣ «ወፍረህ ሳለህ ይሻለን ነበር» አለችኝ።

ያዳነችኝ በሥነ ምግብ ዘርፍ የምታስተምር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሹራቡን አይታ ሣቀችና ስለ ሚኒሶታው ሙከራ ነገረችኝ። እ.ኤ.አ. ከ1944 እስከ 1945 አንሴል ኪስ የተባለ ተመራማሪ በጦርነቱ መዝመትን ኅሊናቸው ያልፈቀደላቸውን 36 ጤነኛ ወጣቶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወራት በግማሽ ረኃብ አኖራቸው፤ በየሳምንቱም 35 ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬዳቸው ነበር። ከክብደታቸው ሩቡን አጡ። ሰውነታቸው ግን ዝም ብሎ አልተቀበለም፤ ዐርፈው ተኝተው ሳሉ የሚያወጡት ጉልበት በ40 በመቶ ገደማ ወረደ። በበጋ ይበርዳቸው፣ ይነጫነጩ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ይሰበስቡ ነበር። አንሴል ኪስ ጥናቱን ያደረገው በጦርነቱ ለተራበው ሕዝብ ብሎ ነው፤ ለእኔ ዓይነቱ ቦርጫም አልነበረም። ሰውነት ግን ጠኔና ዕቅድ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው የኬቪን ሆል ጥናትም በአሜሪካ ቴሌቪዥን በክብደት መቀነስ ውድድር የተሳተፉ 14 ሰዎችን ከስድስት ዓመት በኋላ ሲመረምር፣ አብዛኛው ክብደት ተመልሶባቸው እንኳ ሰውነታቸው ከሚጠበቀው በቀን 500 ካሎሪ ያህል አሳንሶ ሲያወጣ አግኝቶታል። ከረኃብ ለተረፉ ሰዎች ልጅ ይህ ሊያስደንቀው አይገባም ነበር። አያቶቻችንን ከክፉ ቀን ያሻገራቸው ቁጠባ ነው፤ እኔ እንደ ስንፍና ቆጠርሁት።

«በዚያ ላይ» አለች ባልደረባዬ፣ «98 ኪሎ ይሸከም የነበረ ሰው 87 ሲሸከም ወጪው ይቀንሳል። በየኪሎው ከሃያ ካሎሪ በላይ አስበው። በመስከረም ያከሳህ ምግብ በየካቲት ልክህ ሆኗል ማለት ነው።» ተሸንፌአለሁ ስል ለካ ሒሳቡ ገጥሞ ነው።

ስለ ሩጫም አነሣሁባት። እኛ በአርሲ ግርጌ የምንኖር ሰዎች ስለ ሩጫ ሁላችንም ባለሙያዎች ነን። ኃይሌ ገብረሥላሴ ከአሰላ፣ ደራርቱ፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ከበቆጂ የወጡበት አገር ነውና የሻይ ቤት አስተናጋጅ እንኳ «ጋሼ፣ ትንሽ ቢሮጡ ይረግፋል» ይላል። ነገሩ እንዲያ ቀላል አይደለም። ኸርማን ፖንትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ በዚሁ በእኛው ስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል፣ በታንዛኒያ የሚኖሩት አዳኞቹ ሀድዛዎች ቀኑን ሙሉ ሲኳትኑ ውለው የሚያወጡት ጠቅላላ ጉልበት፣ የሰውነት መጠን ሲመዛዘን፣ ቢሮ ከሚውለው ምዕራባዊ እምብዛም አልተለየም። ሰውነት በአንድ በኩል ያወጣውን በሌላ በኩል ይቆጥባል። እኔም ራሴን ታዘብሁት፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ተራምጄ፣ ቀኑን ሙሉ ሁለት መቶ ሜትር ለማትሞላ መንገድ ባጃጅ እጠራ ነበር። እንቅስቃሴ ልብን ያጠነክራል፣ የደም ስኳርን ያወርዳል፣ ጡንቻን ይጠብቃል። የጠገቡትን ሆድ ግን ብቻውን አያወራርድም።

እስካሁን ጥፋቱ የእኔ አልሆነም፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ «የምትበላውን ትመዘግባለህ?» አለችኝ። በኩራት ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። ገጾቹን ገለጠች፤ ገለጠች፤ «ቅዳሜና እሑድ የት አለ?» አለችኝ።

አልነበረም። በእኔ ደብተር ሳምንቱ አምስት ቀን ነበረው። ሠርግ፣ ክርስትና፣ ሰንበቴ፣ የዝክር ቁርስ፣ ሁሉም ከመዝገብ ውጭ ነው። «ምሳ፦ ሽሮ በአንድ እንጀራ» ይላል፤ ዘይቱ የለም። «ሻይ» ይላል፤ ስኳሩ የለም። ዓመታት ሙሉ የዕቅድ አፈጻጸም ሪፖርቶችን እየተነተንሁ «የማይመቸውን አኃዝ ይዘላሉ» ብዬ ስከስ የኖርሁ ሰው፣ ለገዛ ራሴ ሳቀርብ የከረምሁት ሪፖርት ይኸው ነበር። ማንም አላስገደደኝም፤ ማንም አያነበውም ነበር። ይህን ያህል ያፈርሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሁለት ሳምንት ሳልዋሽ ጻፍሁ። በቀን አምስት ጊዜ ሻይ ወይም ማኪያቶ፣ በእያንዳንዱ ሦስት ማንኪያ ስኳር፣ በድምሩ ዐሥራ አምስት ማንኪያ። አንዷን ማንኪያ 4 ግራም ብንላት 60 ግራም፣ ማለትም 240 ካሎሪ። ሐዋሳም ሻሸመኔም ለስብሰባ ስሄድ «ለጤና» እያልሁ የምጠጣው የአቮካዶ ጁስ ከነስኳሩ ገና አልተቆጠረም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ የእኛ ሽሮ ደግሞ ዘይት ላይ የሚዋኝ ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ቀን፣ ነበር የገቡት። እኔ በጾሙ እከሳለሁ ብዬ ተስፋ ጥዬበት ነበር። ሥጋና ቅቤ ሲወጡ ግን ዳቦ፣ ፓስታ፣ የጾም ኬክና ዘይት ቦታውን ወረሱት። ሙስሊሙ የቢሮ ጎረቤቴም በረመዳኑ መጨረሻ ያው ቅሬታ ነበረው፤ የእርሱ ከሳምቡሳ ጋር ነው። ሁለታችንም ፈጣሪን ሳይሆን ወጥ ቤቱን መመርመር እንደሚገባን ተስማማን።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነገር ለመተረክ የሚያሰለች ነው። ቁርስ መለስሁ፤ ለሦስት ሳምንት ሆን ብዬ 87 ላይ ለመቆየት በላሁ፤ ሹራቡ ወለቀ፤ ቤተሰቤም ዐረፈ። የሻዬን ስኳር ወደ አንድ፣ ኋላም ወደ ባዶ አወረድሁ፤ የመጀመሪያው ሳምንት ሻዩ የዶሮ መድኃኒት ይመስል ነበር። ባለቤቴ በምታበስልበት ዘይት ላይ መስበክ ነውር ሆኖ ስላገኘሁት ማንኪያውን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ፤ ዛሬ በሳምንት ሦስት ቀን የማበስለው እኔ ነኝ። ከፋሲካ በኋላ ከባቱ የሚመጣው የዝዋይ ሐይቅ ዓሣ፣ ምስርና እንቁላል የእንጀራውን ድርሻ በከፊል ወሰዱ። የሰፈር ወጣቶች ሲሚንቶ በጣሳ ሞልተው በሠሩት ክብደትም በሳምንት ሁለት ቀን ማንሣት ጀመርሁ። በመጀመሪያው ቀን «ዶክተር፣ ቀስ!» እያሉ ግራና ቀኝ ደግፈውኛል። ጽሑፍ እያረምሁ እስከ እኩለ ሌሊት መቀመጡንም ተውሁ፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ እንደሚራብ ለማወቅ ዶክትሬት አያስፈልግም ነበር።

በጥቅምት 2017 ዓ.ም. 82 ሆንሁ። በባዶ ሆድ የተለካው የደሜ ስኳር 99 ነው። ሐኪሟ ውጤቱን አዙራ ስታሳየኝ አባቴን አሰብሁ፤ ለእርሱ ይህን ወረቀት ያዞረለት ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የተለካው ጣቱ ከቆሰለ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ እንደገና ቆሟል። ከአንድ ዓመት በላይ በ82 ዙሪያ ነኝ፤ አንዳንድ ሳምንት አንድ ኪሎ ይሰጠኛል፣ በሳምንቱ ይነጥቀኛል። የሐኪሟ ምኞት 78 ነው። እኔ ዘመቻ አላወጅሁም። ደብተሩ ሰባት ቀን አለው፤ በሬን ከፍቼ እወጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት በፍራንኮ ሳልፍ ሚዛኑን የያዘው ሌላ ልጅ ነበር። የፊተኛው የት ሄደ ብዬ ልጠይቅ ስል፣ ወደ ሞጆ የሚጭን ሚኒባስ በር ላይ ተንጠልጥሎ የሚጣራ ረዳት አየሁ። ቁመቱ ጨምሯል፤ ድምፁ ጎርንኗል። አወቀኝ።

«ጋሼ! ስንት ደረሱ?»

«ሰማንያ ሁለት!»

«እኔ አርባ ዘጠኝ!» አለና በሩን መታ፤ ሚኒባሱ ተነሣ።