ማጫወቻውና መዝገቡ

ሸክላና ካሴት በነገሡበት ዘመን የሙዚቃ ማጫወቻ የሚገዛ ሰው የሚመረምረው የመሣሪያውን ጥንካሬ ነበር፤ ድምፁ የጠራ፣ ቁልፉ የማይላላ፣ ካሴት የማይበላ ቴፕ ከተገኘ ምርጫው በዚያው ያበቃል። ካሴቶቹን በዘፋኝ ስም መደርደርም ሆነ በአንድ ካርቶን አደባልቆ ማስቀመጥ የባለቤቱ ፈንታ ነበር፤ ቴፑ በዚህ ጉዳይ አይገባም። ዘፈን ወደ ኮምፒውተር ገብቶ ፋይል በሆነ ጊዜ ግን ይህ ድንበር ፈረሰ፤ ማጫወቻው ራሱ ሶፍትዌር፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ስለሆነ፣ ከማጫወት አልፎ ዘፈኖቹን መቁጠር፣ መሰየም፣ መደርደርና ቦታ ማዛወር ቻለ። ስለዚህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1995 እስከ 2003 ባሉት ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከብዙ ማጫወቻዎች አንዱን መምረጥ፣ ላይ ላዩን የመልክና የምቾት ጉዳይ ቢመስልም፣ በውስጡ የዘፈኑን ስም ማን ይጽፋል፣ የተጻፈውስ የት ይቀመጣል የሚል ጥያቄ የያዘ ነበር።

የነገሩ መነሻ ኤም ፒ ስሪ የተባለው የድምፅ ማመቂያ ዘዴ ነው። ሲዲ ላይ ያለ ሙዚቃ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት በ16 ቢት እየተመዘገበ፣ በግራና በቀኝ ሁለት መስመር የሚቀመጥ በመሆኑ የአራት ደቂቃ ዘፈን 42 ሜጋባይት ያህል ቦታ ይፈልጋል። እንዲህ ያለው ክብደት የዚያን ጊዜ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ በቶሎ የሚያጣብብ ሲሆን፣ በስልክ መስመር በሚሠራ ኢንተርኔት ማስተላለፉማ የሚታሰብ አልነበረም። በጀርመን አገር በኤርላንገን ከተማ በሚገኘው የፍራውንሆፈር ተቋም ካርልሃይንዝ ብራንደንቡርግና ባልደረቦቹ ያዳበሩት ዘዴ መላውን ያገኘው ከጆሮ ባሕርይ ነው፤ ኃይለኛ ድምፅ በአቅራቢያው ያለውን ደካማ ድምፅ ስለሚሸፍነው፣ ጆሮ የማይለየውን ክፍል መጣል ወይም በጥቂት ቢት ብቻ መመዝገብ ይቻላል። በሰከንድ 128 ኪሎቢት በሚባለው ልክ ሲታመቅ ያው የአራት ደቂቃ ዘፈን ከ4 ሜጋባይት በታች ይሆናል። በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የሚጻፈው የኤም ፒ ስሪ ቅጥያ በተቋሙ የተወሰነው በጁላይ 1995 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ዊንፕሌይ ስሪ የተባለው የተቋሙ ማጫወቻ ወጣ፤ በዊንዶውስ ላይ የታመቀውን ፋይል እየፈታ እዚያው በዚያው ማሰማት የቻለ የመጀመሪያው ፕሮግራም እርሱ ነው።

ዘመኑን የገዛው ግን ዊንአምፕ ነው። ጀስቲን ፍራንክልና ዲሚትሪ ቦልዲሬቭ በኤፕሪል 1997 ያወጡት ይህ ማጫወቻ ስሙን ያገኘው ከዊንዶውስና፣ ክሮኤሺያዊው ቶሚስላቭ ኡዜላትስ ከጻፈው አምፕ ከተባለ የኤም ፒ ስሪ መፍቻ ፕሮግራም ነው። ዋናው መስኮቱ 275 ፒክሰል ወርድና 116 ፒክሰል ቁመት ብቻ ያለው (ፒክሰል የስክሪን ምስል የሚሠራባት አንዲት ነጥብ ናት)፣ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ሌላ ሥራ የማያውክ ትንሽ ሣጥን ነበር። በዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ዘፈኑ ከተጀመረ ያለፈው ደቂቃና ሰከንድ፣ ከድምፁ ጋር ከፍ ዝቅ የሚሉ ዘንጎች፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚንሸራተት የዘፈን ስም፣ የድምፅ መጨመሪያና የማጫወቻ ቁልፎች ሁሉ ተሰድረዋል። ከሥሩ የሚከፈተው ኢኳላይዘር፣ ማለትም ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ክፍል፣ አሥሩን የድምፅ እርከኖች በአሥር ተንሸራታች ቁልፎች ይገዛ ነበር። በኪይቦርዱ የታችኛው ረድፍ ጎን ለጎን የተቀመጡት አምስት የላቲን ፊደላት ደግሞ የቴፕ ቁልፎችን ቦታ ያዙ፤ ዜድ ወደ ቀደመው ዘፈን ይመልሳል፣ ኤክስ ያጫውታል፣ ሲ ለጊዜው ይገታል፣ ቪ ያቆማል፣ ቢ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የቴፕ ቁልፎችን አሰላለፍ የለመደ ሰው የግራ እጁን ጣቶች በእነዚህ ፊደላት ላይ ሲያሳርፍ የሚያውቀውን ነገር ያገኛል፤ የዊንአምፕ ትልቁ ጥበብ፣ ስኪን በሚባሉት ተለዋዋጭ አልባሳቱ ካተረፈው ዝና ይልቅ፣ ይህ ነበር።

ይሁንና ለምርጫው ጉዳይ ከመልኩም ከቁልፉም በላይ የሚመዝነው ዝርዝሩ፣ በተለምዶ ፕሌይሊስት የሚባለው ነው። ዊንአምፕ ፋይሉን ባለቤቱ ባስቀመጠበት ፎልደር እንዳለ ያጫውተዋል እንጂ አያንቀሳቅሰውም፤ ዝርዝሩም ኤም ስሪ ዩ በሚባል ቅርጽ ሲቀመጥ፣ ይህም ከዊንፕሌይ ስሪ የተወረሰ ነው፣ ማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም የሚከፍተው ተራ ጽሑፍ ነው። በየመስመሩ የአንድ ዘፈን አድራሻ፣ ማለትም ከየትኛው ዲስክ፣ ከየትኛው ፎልደር፣ የትኛው ፋይል እንደሚነሣ ተጽፎ ይነበባል፤ የሚያነበው ሰው በእጁ ሊያርመው፣ መስመር ሊጨምርበት፣ ለሌላ ማጫወቻ ሊሰጠው ይችላል። ጉድለቱም ከዚሁ ከቅንነቱ ይመነጫል፤ ፎልደሩ ስሙ ከተቀየረ ወይም ወደ ሌላ ዲስክ ከተዛወረ አድራሻው ባዶ ቤት ያመለክታል፤ ዝርዝሩ አለ፣ ዘፈኑ አለ፣ ግንኙነታቸው ግን ተቋርጧል።

ፋይሉን ባለበት የሚተወው ዊንአምፕ የመጀመሪያው ወገን ከሆነ፣ ሁለተኛው ወገን ጁክቦክስ በሚል ስም የመጡትን፣ ማለትም ሪል ጁክቦክስን፣ ሙዚክማች ጁክቦክስን፣ ቀጥሎም የማይክሮሶፍቱን ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር 7 የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ሐሳቡ በምሉዕነት የታየው በአፕል አይቲዩንስ ነው። አፕል ሳውንድጃም ኤም ፒ የተባለውን የማኪንቶሽ ማጫወቻ በ2000 ገዝቶ፣ አሠራሩን ለውጦ በጃንዋሪ 9 ቀን 2001 አይቲዩንስ ብሎ አወጣው፤ ለዊንዶውስ የተዘጋጀው በኦክቶበር 2003 ተከተለ። በዚህ ማጫወቻ ፋይልና ፎልደር ከዓይን ይሰወራሉ፤ የሚታየው የዘፈን ዓይነት፣ የዘፋኝና የአልበም ስም በሦስት ዓምድ የተደረደረበት መዝገብ ነው፤ ጥቂት ፊደላት ሲጻፉ ከሺህ ዘፈኖች መካከል ተፈላጊው ወዲያው ይወጣል። ይህ የፍለጋ ፍጥነት በፎልደር ከሚሠራው ወገን የማይገኝ ጸጋ እንደነበር መመስከር ይገባል። ዋጋው ደግሞ መዝገቡ የማጫወቻው ንብረት መሆኑ ነው፤ በአይቲዩንስ ለምሳሌ ከ2002 ጀምሮ ባለቤቱ ለዘፈኑ የሚሰጠው ኮከብ፣ እንዲሁም ዘፈኑ ስንት ጊዜ እንደተሰማ የሚያሳየው ቁጥር የሚቀመጠው በዘፈኑ ፋይል ውስጥ ሳይሆን በፕሮግራሙ መዝገብ ስለሆነ፣ ማጫወቻ የለወጠ ሰው ያን የዓመታት ምልክት ትቶ ይወጣል። መዝገብ የያዘ ሁሉ የሚያውቀውን ለሌላ ሊያሳልፍ እንደሚችልም የታየው በዚያው ዘመን ነው፤ ሪል ጁክቦክስ ተጠቃሚው የሚያዳምጠውን ከመለያ ቁጥር ጋር ወደ ኩባንያው ይልክ እንደነበር በኖቬምበር 1999 ሲጋለጥ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ ማረሚያ ለማውጣት ተገዷል።

የመጀመሪያው ወገንም ከራሱ ጋር የተጣላበት ጊዜ አለ። የዊንአምፕ ባለቤት ኩባንያ ኑልሶፍት በ1999 ለአሜሪካ ኦንላይን ከተሸጠ በኋላ በኦገስት 2002 የወጣው ዊንአምፕ 3 በአዲስ መሠረት ላይ የተሠራ፣ በመልክ የበለጸገ፣ በሥራ ግን ከባድና ዘገምተኛ ስለነበር ብዙ ሰው ወደ ሁለተኛው እትም ተመለሰ፤ በዲሴምበር 2003 የመጣው እትም 5 የተባለውም የሁለተኛውን ቅልጥፍና ከሦስተኛው አቅም ጋር ደምሮ ነው። ሊኑክስ በተባለው ነጻ ሲስተም ላይ ይሠራ የነበረው ኤክስ ኤም ኤም ኤስ የዊንአምፕን ስኪኖች ሳይቀር ይቀበል ነበር፤ በ2002 የወጣው ፉባር 2000 ደግሞ ጌጡን ሁሉ ትቶ ጽሑፍና ድምፅ ብቻ ይዞ መጣ።

እስካሁን የተነሣው ሁሉ ወደ አንድ ትንሽ ቦታ ያደርሳል፤ ይህም ታግ የሚባለው፣ በፋይሉ ውስጥ ስለ ዘፈኑ የሚጻፍ መረጃ ነው። ኤም ፒ ስሪ ሲፈጠር የዘፋኙን ስም የሚይዝ ቦታ አልነበረውም፤ ኤሪክ ኬምፕ በ1996 ያመጣው አይዲ ስሪ የተባለው መፍትሔ በፋይሉ ጫፍ ላይ 128 ባይት መቀጠል ነበር። ሦስቱ ባይት ታግ የሚለውን ቃል ይይዛሉ፤ 30 ለዘፈኑ ስም፣ 30 ለዘፋኙ፣ 30 ለአልበሙ፣ 4 ለዓመተ ምሕረቱ፣ 30 ለማስታወሻ ሲሰጥ፣ የቀረችው አንዲት ባይት የሙዚቃውን ዓይነት በቁጥር ታመለክታለች። የመጀመሪያው የዓይነት ዝርዝር 80 ስሞች ሲኖሩት ፖልካ ለብቻው ቁጥር ተሰጥቶታል፤ የአገረሰብ ሙዚቃ ግን ቦታ ያገኘው ዊንአምፕ ዝርዝሩን ሲያሰፋው ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ እነዚህ ዜማን በቅኝት የሚለዩ ስሞች፣ በዚያ ዝርዝር ውስጥ አንዳቸውም ስለሌሉ የኢትዮጵያ ዘፈን ሁሉ የብሔረሰብ ሙዚቃ በሚል አንድ ቁጥር ሥር፣ አለዚያም ሌላ በሚለው ውስጥ ይጠቃለል ነበር።

የፊደሉ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ዊንአምፕ በዋናው መስኮቱ ላይ የዘፈኑን ስም የሚጽፈው በኮምፒውተሩ ፎንት ሳይሆን በስኪኑ ውስጥ ካለች አንዲት ሥዕል እየቆረጠ ነበር፤ በሥዕሏ ላይ የላቲን ፊደላት፣ አሃዞችና ጥቂት ምልክቶች ብቻ፣ እያንዳንዳቸው በ5 ፒክሰል ወርድና በ6 ፒክሰል ቁመት ተሥለዋል። የጭ ወይም የሿ ቅርጽ በሠላሳ ነጥብ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉት የዚያ ዘመን የአማርኛ መጻፊያዎች የተተየበ ስም ወደ ታጉ ቢገባም፣ እነዚያ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ የሚያስቀምጡ ስለነበሩ፣ ማጫወቻው የሚያሳየው ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደላት ድብልቅ ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ወደሚባለው፣ የዓለምን ፊደላት ሁሉ በየራሳቸው ቁጥር ወደሚያስቀምጠው ሥርዓት የገባው በ1999 በእትም 3.0 ነው፤ ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ደግሞ ከቪስታ ጋር፣ የተነገረለት ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስሙ በላቲን ተጻፈ፤ በላቲን የሚጻፍ የአማርኛ ስም ደግሞ አንድ አጻጻፍ የለውም። ቡዳ ሙዚክ የተባለው የፈረንሳይ አሳታሚ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ባወጣው ኢትዮፒክስ በተሰኘው የሲዲ ተከታታይ 17ኛው ቅጽ የጥላሁን ገሠሠ ሲሆን፣ ስሙ የተጻፈው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ፊደላት ያለ አናባቢ ተገጥመው፣ በፈረንሳይኛ ልማድ ነው፤ በሌላ ሲዲ ላይ ስሙ በእንግሊዝኛ ልማድ፣ አናባቢ ገብቶበት ይነበባል። ሲዲው ራሱ በአብዛኛው ስም የማይዝ፣ የዘፈኖቹን መነሻ ነጥብ ብቻ የሚነግር በመሆኑ፣ ማጫወቻዎቹ ስሙን የሚያመጡት ሲዲ ዲ ቢ ከሚባለው፣ ሰዎች በፈቃዳቸው እየተየቡ ከሞሉት የኢንተርኔት መዝገብ ነበር። በፎልደር የሚያጫውተው ዊንአምፕ ይህ ልዩነት አያስጨንቀውም፤ በስም ለሚደረድረው መዝገብ ግን አንዱ ጥላሁን ሁለት ወይም ሦስት ዘፋኝ ሆኖ ይቀመጣል፤ ተጠቃሚው አንዱን ስም ከፍቶ የዘፈኖቹን እኩሌታ ያጣል።

ከሁለቱ ወገኖች የትኛው ይሻል ነበር ለሚለው፣ በ2000 ዓመት አካባቢ ለነበረ ሰው መልሱ ዊንአምፕ 2 ነው፤ ምክንያቱም ቀልጣፋ ነው፣ ፋይሉን አይነካም፣ ዝርዝሩም በዓይን ይነበባል። ነገር ግን ጁክቦክሶቹ ያስተማሩት ነገር መጣል የለበትም፤ ዘፋኙ፣ አልበሙና ዓመቱ ካልተመዘገበ ሺህ ዘፈን ሺህ ስም አልባ ድምፅ ነው። ትክክለኛው መመዘኛ ማጫወቻው ከኮምፒውተሩ በጠፋ ማግስት ስለ ዘፈኑ ምን ይቀራል የሚለው ሲሆን፣ ከፋይሉ ስም በቀር የሚቀረው በታጉ ውስጥ የተጻፈው ብቻ ነው። በ1998 የመጣው የታጉ ሁለተኛ እትም የሠላሳ ባይት ወሰኑን አንሥቶ ዩኒኮድ እንዲጻፍበት ከመፍቀዱም በላይ፣ ለግጥም ደራሲ፣ ለዜማ ደራሲና ለአሳታሚ የየራሳቸውን ቦታ ከፍቷል።

የኢትዮጵያ ካሴት ሽፋን ደግሞ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ አሳታሚ ብሎ እነዚህኑ ስሞች በአማርኛ ሲዘረዝር ኖሯል። ካሴቱን ወደ ፋይል የሚገለብጡ ሙዚቃ ቤቶችና በአገር ውስጥም በውጭም ያሉ ባለስብስቦች ድምፁን ከቀዱ በኋላ ሽፋኑን አይጣሉት፤ እዚያ ላይ ያለውን ስም ሁሉ በግዕዝ ፊደል ወደ ታጉ ይገልብጡት፣ ቅኝቱንም በማስታወሻው ቦታ ይጻፉት።